መጻተኛ በአሪኛ ምን ይባላል?

"መጣ" የምትለው ግስ ምን ያህል የዋህ እንደሆነች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዝናብ መጣ ሲባል ደስ ይለናል። ደመወዝ መጣ ሲባል ዝናቡንም እንረሳዋለን። ጂንካ ውስጥ መብራት መጣ የተባለ እንደሆነ ልጆች ከየግቢው ሲጮሁ ትሰማላችሁ። ይህችን የዋህ ግስ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገን "መጤ" ስናደርጋት ግን ፊቷ ይጠቁራል። የጨመርንባት ነገር እኮ የለም፤ ጣን ጤ አደረግናት፣ በቃ። ከራብዕ ወደ ኃምስ አንዲት እርምጃ ናት። ስንቱ ሰው በዚያች እርምጃ ቤቱን ጥሎ እንደሄደ እግዜር ይቁጠረው።

ዕድሜዬን በአማርኛ መምህርነት ስለጨረስኩ ሰው ሲጨቃጨቅ ነገሩን ትቼ ቃላቱን ማዳመጥ ልማድ ሆኖብኛል። ባለቤቴ ራሔል በዚህ ጠባዬ ትማረራለች። ቤታችን እሳት ቢይዘው ውኃ ከማምጣትህ በፊት "ተቃጠለ" ይሻላል ወይስ "ነደደ" ብለህ ታስባለህ ትለኛለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ እኔ ቃል ብፈራ አይፈረድብኝም፤ አንድ ቦታ ተቀምጬ በቃል ብቻ ስንት አገር ዞሬያለሁ። ሕፃን ሳለሁ የጌታ ልጅ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ የአድኃሪ ዘር ተባልኩ፣ ቆይቶም ጓድ መምህር ሆንኩ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥና አገሬው ባለቤትና ነዋሪ ተብሎ ሲለይ እኔ ከነዋሪው ወገን ተመደብኩ፤ ቀኑ ደግ ሲሆን ነዋሪ፣ ቀኑ ሲከፋ መጤ። ይህ ሁሉ ሲሆን የተወለድኩበትን ግቢ ለቅቄ አላውቅም።

ደግሞ ከመሬት ተነስተው አይደለም እንዲህ የሚሉኝ። አያቴ ከሰሜን ነው የመጡት፣ ጠመንጃ ይዘው። ኑልን ያላቸው አልነበረም፤ ለምን መጣችሁ ለማለትም የደፈረ አልነበረም። መሬት ተሰጣቸው፣ ከመሬቱ ጋር ሰውም ተሰጣቸው። የራሔል አያት ከተሰጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። የአሪ ገበሬ ነበሩ፣ የእኔ አያት ወደ ጥንቱ የባኮ ከተማ ሲወጡና ሲወርዱ ጓዛቸውን ይሸከሙ ነበር። በሠርጋችን ቀን ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ ድሮ ጓዛችሁን ተሸከምንላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ልጃችንን ልትወስዱ መጣችሁ ብለው ቀለዱ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ሙሽራ ሆኖ የማይስቅ የለም። ሳቁ ሲበርድ ግን ሽማግሌው ራሳቸው እንዳልሳቁ አየሁ።

እንግዲህ የእኛ ቤት እሁድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እኔ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ እሄዳለሁ፤ አባቶቼ የተከሉት ደብር ነው። ራሔል መዝሙሯን እያንጎራጎረች ወደ ወንጌላውያኑ አዳራሽ ትሄዳለች። ቅዳሴው ሲያልቅ እሷን ልወስድ እሄድና ስብከቱ ሳያልቅ እደርስባታለሁ። የእኛዎቹ ወደዚያ አዘነበለ ብለው ያሙኛል፣ የእነሱዎቹ ገና አልዳነም ብለው ይጸልዩልኛል። እኔ ግን ከልቤ የምሄደው አስተርጓሚውን ለመስማት ነው።

አስተርጓሚው እስጢፋኖስ ይባላል። ከአማርኛ ወደ አሪኛ ያስተረጉማል። እኔና እሱ ፊደል የቆጠርነው አንድ መምሬ ዘንድ ነው፤ ያኔ ለአሪ ልጅም ለሰፋሪ ልጅም ከእሳቸው ሌላ አስተማሪ አልነበረም። እስጢፋኖስ ሰባኪው ሲጮህ ይጮሃል፣ ሰባኪው ሲያለቅስ ያለቅሳል፤ ሰባኪው የማይረባ ነገር ሲናገር ደግሞ አሻሽሎ ያስተላልፋል። ከአዲስ አበባ የመጡ ስንት ደካማ ሰባኪዎች በእሱ አፍ ታላቅ ተብለው እንደተመለሱ እኔ ምስክር ነኝ። ራሳቸው ግን አያውቁም።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ።

ከየት እንደመጣች አልጽፍም። አገሯን የጠራሁ እንደሆነ ግማሾቻችሁ ወዲያው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መፍረድ ትጀምራላችሁ፣ እሷም ትረሳለች። ብቻ እናትና አባቷ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ወደ ሌላ አገር ተወስደው እዚያ ወለዷት። እዚያ አደገች፣ እዚያ አገባች። አንድ ቀን እዚያ መጤ ናችሁ ተባሉ፣ ቤታቸውም ተቃጠለ። ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ተነሱበት ወደተባለው አገር ሄደች። እዚያ ደግሞ ንግግሯን ሰምተው ከየት ነሽ አሏት። መጨረሻ ላይ የባሏ ወንድም ታች ስኳር ፋብሪካው ጋ ሹፌር ነው ብለው ስለነገሯት በጭነት መኪና እየተቀባበለች ጂንካ ደረሰች። ሰውዬው ሥራ ለቆ ከሄደ ቆይቷል፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለ ባሏ አልጠየቅኋትም። ከማተቧ ጋር የወንድ ቀለበት አስራ ነበር።

ማተብ ያላት ሴት መጀመሪያ የምትሄደው ወዴት ነው? ወደ እኛ ነዋ። ሴት ልጇን በእጇ ይዛ፣ ጡት ያልጣለውን ወንድ ልጇን አዝላ ደጀ ሰላም ገብታ ተቀመጠች። ጥቂት ቀን ከዝክሩም ከጸበል ጸዲቁም እየቀማመሰች ቆየች። ከዚያ የሰበካው ሰዎች ተሰበሰቡ። የሰበካው ሰዎች ማለት የእኔው ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አያቶቻቸው ከአያቴ ጋር የመጡ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አባት ጠርተዋት፣ ልጄ፣ እኛ ራሳችን እዚህ ተቻችለን ነው የምንኖረው፤ አንቺን ያስጠጋን እንደሆነ ወገናቸውን እየሰበሰቡ ነው ይሉናል፣ ለአንቺም ለእኛም አይበጅም አሏት። ይህን ሲሉ ያለቅሱ ነበር። እንባቸው የእውነት እንደነበር እመሰክርላቸዋለሁ። እሷ ልጆቿን ይዛ ስትወጣ ዝናብ ይጥል ነበር።

ወደ ራሔል አዳራሽ ያመጣቻት ራሔል ራሷ ናት፤ ገበያ መንገድ ላይ አጥር ተጠግታ አገኘቻት። ከአዳራሹ ኋላ ለሕፃናት ትምህርት የምትሆን የቆርቆሮ ክፍል አለች። ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ትረፍባት ብለው ፈቀዱ። "ለጊዜው" የሚለውን ቃል ማን እንደፈጠረው እንጃ። ደግነትና ጭካኔ ተስማምተው አብረው የሚያድሩበት ሌላ ቃል አላውቅም። ፍራሽ ያመጡላት አቶ ማርቆስ የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ኮረሪማና ማር ይነግዳሉ፣ የበኩር ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይሠራል። ሁልጊዜ ረቡዕ በጸሎት ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ የዚያ አገር ሰው ልቡ እንዲራራ፣ ልጃቸውን እንደ ባዕድ እንዳያዩት ጸልዩልኝ ይላሉ። ጉባኤውም በአንድ ድምፅ ይጸልይላቸዋል፤ ሌሎችም ልጆቻቸውን በዚያ መንገድ የላኩ አሉና።

ትርንጎ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መቆየት። ሴት ልጇ አንድም ክፍል ጀምራ ጨርሳ አታውቅም፤ ፊደሉን አንድ ቦታ ትጀምረዋለች፣ ስሌቱ ሌላ ቦታ ይጠብቃታል፣ ፈተናው ሲደርስ መንገድ ላይ ናት። እኔ ልጅቷን ማስነበብ ጀምሬ ነበር፣ ፈጣን ናት። አንድ ቀን እናትየዋ ትምህርታችንን ቆማ ስታይ ቆየችና "ጋሼ፣ ዘንድሮን እንኳ ከዚህ ባንነሳ" አለችኝ። ልመናም አይደለም፣ ጥያቄም አይደለም። ዝናብ ይጥል ይሆን እንደሚባለው ዓይነት ነው።

ከዚያ ጎመን ተከለች።

ከቆርቆሮዋ ክፍል ጀርባ ማንም የማይረግጣት ቁራሽ መሬት ነበረች። ቆፈረቻት፣ ከጎረቤት ችግኝ ለምና ደረደረችበት። እናንተ ይህን ስታነቡ፣ ታዲያ ጎመን ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። እናንተ የጂንካ ሰው ስላልሆናችሁ ነው። እዚህ የተከለ ሰው ቃሉን ሰጠ ማለት ነው። አያቴ ያ ሁሉ መሬት የእሳቸው መሆኑን ያስረዱት በወረቀት አልነበረም፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ተከሉበት፣ ተከራካሪ ጠፋ። ዛፎቹ ዛሬም አሉ፣ የራሔል ዘመዶች በዚያ ሲያልፉ ዓይናቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ስለዚህ በእሁዱ የአዳራሹ እናቶች ልጆቻቸውን ከክፍሏ ሊወስዱ ሄደው ጎመኑን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ተከለች እኮ" ተባባሉ። ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ከተማውን አዳረሰ። አቶ ማርቆስ በሽማግሌዎቹ ስብሰባ፣ ዛሬ ጎመን ነው፣ ነገ መንደር ይሆናል አሉ ተባለ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸው የፈሩት ትርንጎን አይደለም፣ አያቴን ነው።

ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ትሂድ የሚሉ አሉ፣ እንዴት ሂጂ እንላለን የሚሉ አሉ። መጨረሻ ላይ እንደ ደንቡ ቃሉ ይፍረድ ተባለና ከአርባ ምንጭ አንድ ወጣት ፓስተር ተጋበዘ። ፓስተሩም የሚሰብክበትን ክፍል አስቀድሞ ላከ፤ እግዚአብሔር ሕዝቡን መጻተኛውን ውደዱ፣ እናንተም በግብፅ እንደዚያው ነበራችሁ ብሎ የሚያስታውስበት ነው።

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እስጢፋኖስ ቤታችን መጣ። ጭቃውን ከጫማው ጠራርጎ ተቀመጠና፣ ለመሆኑ መጻተኛ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዓመት ሲያስተረጉመው የኖረው ቃል ስለሆነ ገረመኝ። እስከ ዛሬ ምን እያልክ ነበር የምታስተረጉመው አልኩት። በሽተኛ አለኝ። በልጅነታችን መምሬ ዘንድ መጻጉዕ ሲባል ሰምቷል፣ አልጋው ላይ የኖረው ሕመምተኛ። መጻተኛም የእሱ ዘመድ መስሎት በሽተኛ ሲል ኖሯል። እኔና ራሔል እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዚያ አዳራሽ ሰዎች በሽተኛ በመጠየቅ በከተማው የሚያህላቸው የለም፤ እሁድ ከሰዓት ሆስፒታሉን ይሞሉታል፣ ዘመድ የሌለውን ሕመምተኛ ሳይቀር ያበላሉ፣ ያጥባሉ። ለካ ያን ሁሉ የሚያደርጉት በእስጢፋኖስ ስሕተት ነው። ግብፅስ፣ እናንተም በግብፅ በሽተኞች ነበራችሁ ስትል ምን አሉህ ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም አላሉም አለ። ግብፅ ቆላ ነው፣ ትልቅ ወንዝ አለው፤ ወባ እንደያዛቸው ሁሉም ገብቶታል።

መጻተኛ ማለት ከሌላ አገር መጥቶ በመካከልህ የሚኖር ሰው ነው፣ እንግዳም አይደለም፣ የአገር ልጅም አይደለም ብዬ አስረዳሁት። እስጢፋኖስ በአሪኛ ለዚህ ሰው ቃል ፈለገ፣ አጣ። ምናልባት ይኖር ይሆናል፣ የቋንቋው ሊቃውንት ያርሙን፤ እሱ ግን አጣ። ወደ ራሔል ዞረ። ራሔል የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠች።

"በእኛ አፍ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁለት ነው" አለች። "አንዱ በልቶ ይሄዳል። አንዱ ተቀምጦ ይበላናል።"

የመጀመሪያው እንግዳ ነው። የሁለተኛው ስም ለእኔ አያት የተሰጠው ስም ነው። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፣ እናንተም ብታነቡት አያምርባችሁም። ሦስተኛ ቃል የለም። እስጢፋኖስ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ነገ ሕዝብ ፊት ይቆማል ማለት ነው። ሲወጣ ደህና ዋሉ ማለትም ረሳ።

በማግስቱ ቅዳሴውን ሳልጨርስ ሄድኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ትርንጎ ከኋላ ወንበር ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ስለ እሷ እንደሚሰበክ ታውቃለች። ፓስተሩ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ጀመረና፣ አነበበና፣ እጁን ዘርግቶ መጻተኛውን ውደዱ አለ። ድምፅ ማጉያው ወደ እስጢፋኖስ ዞረ።

እስጢፋኖስ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ፓስተሩ ያልሰማው መስሎት ደገመለት። እስጢፋኖስ ሕዝቡን አየ፣ አቶ ማርቆስን አየ፣ የኋላውን ወንበር አየ። ከዚያ ተናገረ፤ እንግዳውን ውደዱ። አዳራሹ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። አሜን፣ አሜን ሆነ። ማን እንግዳ ይጠላል? እንግዳ መውደድ ለአሪ ሰው ትእዛዝ አያስፈልገውም፣ ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣው ነው። እናንተም በግብፅ እንግዶች ነበራችሁ ሲባልማ ደስታቸው ሌላ ነበር። ከስብከቱ በኋላ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው "ቲቸር፣ ታዲያ ግብፅ ሰዎች ደግ ነው ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ፓስተሩ ጉባኤው እንዴት እንደተነካ አይቶ እያለቀሰ ጸለየ።

ያ ሳምንት እንዴት ያለ ሳምንት መሰላችሁ። ከየመንደሩ ቆጮ መጣ፣ ሙዝ በየዘለላው መጣ፣ ዶሮ መጣ። ወጣቶቹ የቆርቆሮዋን ክፍል ግድግዳ ጠገኑ። እናቶቹ የልጆቿን ልብስ ነሪ ወንዝ ወስደው አጥበው አምጥተው አለበሱላት። አቶ ማርቆስ ከሱቃቸው ምርጡን ማር አመጡ፣ ራሳቸው ቀድተው ለልጅቷ አቀመሷት። ሌላ ጊዜ ትርንጎን ሲያይ መንገድ የሚለውጥ ሰው ያን ሳምንት እየሄደ ጉንጯን ይስማል። ሐሙስ ዕለት ልጅቷን ላስነብብ ስሄድ ትርንጎ ጎመኗን ታርም ነበር። ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

"ጋሼ፣ ተቀበሉን መሰለኝ" አለችኝ።

እኔም መሰለኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያሳፍር ነው፣ ግን መሰለኝ። በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ መሐል ቆሜ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እያየሁ፣ ይህን ከተማ ምናልባት በድዬው ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ።

በእሁዱ ማስታወቂያ ተነገረ። እንግዶቻችንን በመጪው ሳምንት በደስታ እንሸኛለን፣ ለስንቅና ለመንገድ የሚሆን የምትችሉትን አምጡ።

ወደ አቶ ማርቆስ ሄድኩ። ይህች ሴት መሄጃ እንደሌላት አስረዳሁ፣ ልጅቷ ትምህርት እንደጀመረች አስረዳሁ፣ ቃሉም ሸኟት እንደማይል አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ ተንኮል ፈልጌ አጣሁ፤ ባገኝ እንዴት በቀለለኝ። "ቲቸር፣ ተቀበልን፣ አበላን፣ አለበስን" አሉኝ፤ "እንግዳ አይሸኝም እንዴ?" ወግ ያለው እንግዳ ይሸኛል። የማይሄድ እንግዳ ምን እንደሚባል ደግሞ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ በብስጭት ወደ እስጢፋኖስ ሄድኩ። ጓሮው እንሰት ይፍቅ ነበር። ለምን እንግዳ አልክ ብዬ ጮኽኩበት። ቀና አላለም። "ያኛውን ቃል ብል ኖሮ በዚያው ቀን ትወጣ ነበር" አለ። "እንግዳ ብዬ ሁለት ሳምንት አገኘሁላት። ሌላ ቃል ቢኖረኝ እከለክላት ነበር?" አጠገቡ ቁጭ አልኩ። አማርኛ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ ቃል ልሰጠው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። በአማርኛችንስ አለን ወይ? መጻተኛ የሚለውን ከቅዱስ መጽሐፍ ውጭ ሰው ሲጠራበት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤታችሁን መጻተኛው አቶ እገሌ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉን በመጽሐፉ ውስጥ ዘግተን አስቀምጠን ለመንገድ መጤን ይዘን የወጣነው እኛ ነን። አሪኛ ቢያንስ አልዋሸም።

እናንተም እስካሁን አንድ ነገር ልትጠይቁኝ እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አዎ፣ ግቢዬ ሰፊ ነው። አያቴ ናቸው ሰፊ ያደረጉት። ልጆቻችን ወጥተው ሄደዋል፣ ኋላ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ያን ምሽት እራት ላይ ነገሩን ለራሔል አነሳሁ። ራሔል ከመንገድ አንስታ ያመጣቻት ሴት ናት፤ ከእኔ ይልቅ ታዝንላታለች። እጇ መሶቡ ላይ ቆሞ ቀረ።

"እሷን ብናስገባት" አለች ቀስ ብላ፣ "አንተን ያስታውሱሃል።"

እኔም እራቴን በላሁ። ሰላሜ ያለው በመረሳቴ ላይ እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ አጥርቶ ነግሮኝ አያውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አንተ ማን ነህ እንዳይለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለቀስተኛ ሆኜ፣ የሁሉንም ልጅ አስተምሬ ኖሬያለሁ። ትርንጎ ከኋላ ክፍሌ ብትወጣ፣ በዚያ የሰሜን ጣዕም ባልለቀቀው አማርኛዋ እንደምን አደራችሁ ብትል፣ ከተማው ቀና ብሎ እኔን ያያል። ይህ ፍርሃት ነው፣ ሌላ የሚያምር ስም ልሰጠው አልችልም።

የመሸኛው ዕለት ማለዳ መናኸሪያው ውስጥ እንደዚያ ያለ ሽኝት ታይቶ አያውቅም። ኳየሩ ዩኒፎርሙን ለብሶ መጥቷል። ረዳቶቹ የሀብታም ሰው ቤተሰብ የሚሄድ መስሏቸው ጓዙን በክብር ወደ ቅጥቅጡ አውቶቡስ አናት ጫኑ፤ ፍራሽ፣ የማር ዕቃ፣ የሙዝ ዘለላ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ፣ ጎመኑም ሳይቀር ተነቅሎ በሥሩ ጭቃ እንዳለው በላስቲክ ታስሮ መጥቷል። ትሳፈርባት የተባለችው መኪና የተመረጠችው ቀድማ ስለምትወጣ ነበር። የእኔ ሰበካ ሰዎችም ሰምተው መጥተዋል፤ እኚያ አባት የመስቀሉን ምልክት ግንባሯ ላይ አድርገው ባረኳት፣ አሁንም ያለቅሱ ነበር። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ተስማምተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቶ ማርቆስ ረዥም ጸሎት ጸለዩ። መንገዷን ባርክ፣ የምትደርስበትን አገር ሰው ልብ ክፈትላት አሉ፤ በመካከሉ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከልባቸው ነበር።

ትርንጎ አንዱንም ሰው ሳትዘል እያመሰገነች ተሳለመች። ራሔል ጋ ስትደርስ ተቃቅፈው ቆዩ። እኔ ልጅቷን አንስቼ መስኮት ዳር አስቀመጥኳት፣ የምታነበውን መጽሐፍ ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ሞተሩ ተነሳ፣ ኳየሩ መዝሙሩን ከፍ አደረገ፣ እጆች ሁሉ መውለብለብ ጀመሩ። ትርንጎ ልጇን አቅፋ በመስኮቱ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። የመጨረሻ ምስጋና መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ጋሼ" አለች፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ነው፣ ያበላትን ሕዝብ ላለማሳፈር። "ይቺ መኪና ግን የት ነው የምትሄደው?"

ዞሬ ሕዝቡን አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ስንቅ ሲቋጥር፣ ልብስ ሲያጥብ፣ ሲጸልይ ሲሰነብት ወዴት ነው የምትሄጂው ብሎ የጠየቃት አንድም አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ከጠየቅናት መሄጃ የለኝም ትለናለች፤ ያን መስማት ያልፈለግን ይመስለኛል።

አርባ ምንጭ ነው አልኳት። አርባ ምንጭ የሚለውን ስም እንደ አዲስ ቃል በአፏ ውስጥ አለችው። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ እኔም መስኮቱን ይዤ አብሬ መራመድ ጀመርኩ።

"የዚያ አገር ሰውስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደግ ነው" አልኳት። "እንግዳ ይወዳል።"